ሰማይን በቴሌስኮፕ ፎቶ ማንሳት፦ ከየት እንጀምር?



በዲፓርትመንታችን ስቶር ውስጥ አንድ ቴሌስኮፕ እንዳለ ብዙዎቻችን እናውቃለን። የመስታወቱ ስፋት 130 ሚሊ ሜትር፣ ፎካል ሌንግዙ ደግሞ 650 ሚሊ ሜትር የሆነ ኒውቶኒያን ቴሌስኮፕ ነው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ይወጣና ሰማይ ይታይበታል። ከዚያ አንዱ ሞባይሉን ያወጣና «እስቲ ፎቶ ላንሳው» ይላል። የሚገኘው ፎቶ ግን ወይ ጥቁር ነው፣ ወይ ነጭ ጭረት ነው፣ ወይ ደግሞ እንደ ፈሰሰ ወተት የተበተነ ብርሃን ነው። ቀጥሎ ያለው የታወቀ ነው፤ «ቴሌስኮፑ ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል።

እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ አውጥቼ ሁለቴም «አይሠራም» ብዬ መልሼዋለሁ። በሁለተኛው ጊዜ የስቶር ኃላፊዋ «እንግዲያው ከተበላሹ ዕቃዎች ጋር ልመዝግበው?» ብለው ሲጠይቁኝ ነው የደነገጥኩት። የተበላሸ ተብሎ የተመዘገበ ዕቃ መጨረሻው የት እንደሆነ እናውቃለንና። «ትንሽ ይታገሱኝ» አልኳቸውና ማንበብም መሞከርም ጀመርኩ። ቴሌስኮፑ ምንም አልሆነም ነበር። ችግሩ ከቀላሉ ሥራ መጀመር ሲገባን ከከባዱ መጀመራችን ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ቀጥሎ የሚያወጣው ሰው በመጀመሪያው ምሽት ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። መልካም ንባብ!

ስለ ታሪኩ በጥቂቱ

የሰማይ ፎቶ ከካሜራ እኩል ዕድሜ አለው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1840 ጆን ዊሊያም ድሬፐር የተባለ የኒውዮርክ ምሁር በዚያ ዘመን ዳጌሮታይፕ ይባል በነበረው የብር ሰሌዳ ላይ የጨረቃን ምስል ማስቀረት ቻለ። በ1850 በሐርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ዊሊያም ክራንች ቦንድና ፎቶ አንሺው ጆን አዳምስ ዊፕል ቬጋ የተባለችውን ኮከብ አነሱ። በ1880 ደግሞ የድሬፐር ልጅ ሄንሪ ድሬፐር የኦሪዮንን ኔቡላ በ51 ደቂቃ ኤክስፖዠር ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ አነሳ። በ1888 ዌልሳዊው አይዛክ ሮበርትስ የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ጥምዝምዝ ቅርጽ የሚያሳይ ፎቶ አወጣ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ጨረቃ፣ ቀጥሎ ደማቅ ኮከብ፣ ከዚያ ኔቡላ፣ በመጨረሻ ጋላክሲ። ከጨረቃ እስከ ኔቡላ 40 ዓመት ፈጅቷል። እኛ ግን በአንድ ምሽት፣ ያውም በመጀመሪያው ምሽት፣ ሳተርንን ከነቀለበቱ እንፈልጋለን!

ፎቶው ለምን ይበላሻል?

ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ መሬት ትዞራለች። ይህን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ቴሌስኮፕ ላይ ካሜራ ስናስር ግን እንረሳዋለን። መሬት 360 ዲግሪውን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ትጨርሳለች። ይህ ማለት በሰማይ ወገብ አካባቢ ያለ ኮከብ በአንድ ሰከንድ 15 አርክ ሰከንድ ይጓዛል (አንድ ዲግሪ 3,600 አርክ ሰከንድ ነው)። አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። አንድ ፒክስል የሚሸፍነውን የሰማይ ስፋት ለማግኘት የፒክስሉን መጠን በማይክሮሜትር ወስደን በ206.265 እናባዛና ለፎካል ሌንግዙ በሚሊ ሜትር እናካፍላለን። ፒክስሉ 4 ማይክሮሜትር፣ ፎካል ሌንግዙ 650 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.27 አርክ ሰከንድ እናገኛለን። ስለዚህ ኮከቡ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 12 ፒክስል ገደማ ይሄዳል ማለት ነው። ነጥብ መሆን የነበረበት ጭረት ይሆናል። ኤክስፖዠሩ የሰከንድ 1/125ኛ ከሆነ ግን የሚሄደው የአንድ ፒክስል አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ ይሄ አይታይም። ጨረቃ ቀላል፣ ኔቡላ ከባድ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ለጨረቃ የሰከንድ ሽራፊ ይበቃታል፤ ኔቡላ ግን ደቂቃዎችን ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ ቴሌስኮፑ ይንቀጠቀጣል። ቴሌስኮፕ ጨረቃን ብቻ ሳይሆን የእጃችንንም መንቀጥቀጥ ያጎላል። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ሕንፃው ጣሪያ ላይ ነበር። አሥር የሚሆኑ ጓደኞቼ «ተራዬ፣ ተራዬ» እያሉ ዙሪያውን ይራመዳሉ። ኮንክሪት አይንቀሳቀስም ብዬ ነበር፤ ለካስ በ65 እጥፍ አጉልተው ሲያዩት ኮንክሪትም ይጨፍራል! ከዚያ ወዲህ የምሠራው መሬት ላይ፣ ሣሩ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ካሜራው ይሳሳታል። በኦቶ የሚሠራ ካሜራ አብዛኛው ፍሬም ጥቁር መሆኑን ሲያይ «ጨለማ ነው» ብሎ ብርሃን ይጨምራል። ጨረቃ ግን ጨለማ አይደለችም፤ ፀሐይ ያረፈባት ድንጋይ ነች። ማንሳት ያለብን ቀን ላይ ኮረብታ እንደምናነሳው ነው። ካሜራውን ካልተቆጣጠርነው ጨረቃን እንደ አምፖል ነጭ አድርጎ ያወጣታል።

ከመውጣታችን በፊት

ቴሌስኮፕ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውም ይኸው ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር እርሱት። በተግባር የሚጠቅመው ከፍተኛ ማጉላት በሚሊ ሜትር ከሚለካው የመስታወቱ ስፋት እጥፍ ገደማ ነው፤ ለ130 ሚሊ ሜትር 260 ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የሚጎላው ብዥታው ነው። ለፎቶ ከቴሌስኮፑ ይልቅ ወሳኙ የሚቆምበት ነገር፣ ማለትም ማውንቱና ትራይፖዱ ነው። ትንሽ ቴሌስኮፕ በጠንካራ ማውንት ላይ ከትልቅ ቴሌስኮፕ በደካማ ማውንት ላይ ይበልጣል።

ቀን ላይ የሚሠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ፋይንደሩን ማስተካከል ነው። ሩቅ ያለ የአንቴና ጫፍ በዋናው ቴሌስኮፕ መሐል ላይ አምጡና ፋይንደሩም ያንኑ ጫፍ መሐሉ ላይ እስኪያሳይ ድረስ ብሎኖቹን አዙሩ። የኛ ቴሌስኮፕ «አይሠራም» የተባለበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነበር፤ ፋይንደሩ ሌላ ቦታ እያየ ነው ጨረቃን ስንፈልግ የምናመሸው። ሁለተኛው ሚዛን ነው። ካሜራውን ከጫናችሁ በኋላ ማውንቱን ፈታ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ወደ አንድ ወገን ከወደቀ ቱቦውን ወይም የሚዛኑን ክብደት ገፋ መለስ አድርጉ።

ማታ ደግሞ ሥራ ከመጀመራችሁ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ቴሌስኮፑን ውጭ አውጡት። ከሞቀ ክፍል የወጣ መስታወት እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር እንደ ምጣድ ላይ አየር ይርገበገባል። ከዚያ አንድ ደማቅ ኮከብ አይታችሁ ከፎከስ ትንሽ አውጡት። የሚታዩት ክቦች አንዱ በአንዱ ውስጥ እኩል ካልተቀመጡ መስታወቶቹ ተዛንፈዋልና ከኋላ ባሉት ብሎኖች በጥቂቱ ማስተካከል ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ጨረቃ በሞባይል

እዚህ ላይ ዋናውን ምክሬን ልናገር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ምሽቶች ለጨረቃ ብቻ ስጡ። ካሜራ አትግዙ፤ ሞባይላችሁ ይበቃል።

መቼ? ሙሉ ስትሆን አይደለም። ብዙ ሰው ሙሉ ጨረቃን ይመርጣል፤ ግን ያኔ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ጥላ የለም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ተራራውም ጉድጓዱም ጠፍጣፋ ይመስላል። ጥሩው ጊዜ ጨረቃ ከወጣች ከ5ኛው እስከ 8ኛው ቀን ነው። ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ የጉድጓዶቹ ጠርዝ ረጅም ጥላ ይጥላል፤ ልክ ጠዋት ላይ የአንድ ጉብታ ጥላ ሜዳውን አቋርጦ እንደሚታየው ማለት ነው። የኛ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት በንድፈ ሐሳብ 0.9 አርክ ሰከንድ መለየት ይችላል። ይህም ጨረቃ ላይ 2 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የኮፐርኒከስ ጉድጓድ እንግዲህ ከነግድግዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እሱ የሚደምቀው 9ኛው ቀን አካባቢ ነው።

እንዴት? ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. በትንሹ ማጉላት ጀምሩ። 25 ሚሊ ሜትር አይፒስ በ650 ቴሌስኮፕ ላይ 26 እጥፍ ያጎላል፤ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ትገባለች።

2. መጀመሪያ በዓይናችሁ ፎከስ አድርጉ። መነጽር የምታደርጉ መነጽራችሁን እንዳደረጋችሁ አስተካክሉ።

3. ሞባይሉን በእጅ ከመያዝ ይልቅ አይፒሱ ላይ አስሩት። የሚሸጥ ማሰሪያ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ካጣችሁ ከካርቶን አይፒሱን በደንብ የሚይዝ ቱቦ ጠቅልላችሁ የሞባይሉ ሽፋን ላይ በፕላስተር መለጠፍ ይቻላል። የሞባይሉ ሌንስ ከአይፒሱ መሐል ለመሐል መግጠም አለበት፤ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ ከሳተ ግማሽ ጨረቃ ይጠፋል።

4. ፍላሹን አጥፉ። ቀልድ አይደለም፤ 384,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችውን ጨረቃ በፍላሽ ለማብራት ስንሞክር ያደርን አለን!

5. ስክሪኑ ላይ ጨረቃን ነክታችሁ ያዙና ፎከሱንም ብርሃኑንም ቆልፉ። ከዚያ የጉድጓዶቹ ዝርዝር እስኪታይ ድረስ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ።

6. በጣት አትንኩት። የ2 ወይም የ5 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ፤ የኢርፎን ድምፅ መጨመሪያ ቁልፍም በብዙ ሞባይሎች ላይ ፎቶ ያነሳል።

7. አንድ ሳይሆን ሃምሳ አንሱ። አየሩ ስለሚርገበገብ ከሃምሳው ሦስቱ ጥሩ ይሆናሉ።

ማውንታችሁ ሞተር ባይኖረውም አትጨነቁ። ጨረቃን ከፍሬሙ ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ እጃችሁን አንሱ። መንቀጥቀጡ እስኪቆም ራሷ ወደ መሐል ትመጣለች፤ ያኔ ታነሳላችሁ።

የተለያየ ሌንስ የሚገባለት ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ሌንሱን አውጥታችሁ ካሜራውን በአዳፕተር ቴሌስኮፑ ላይ መግጠም ትችላላችሁ፤ ቴሌስኮፑ ራሱ ሌንስ ይሆናል። በ650 ሚሊ ሜትር ጨረቃ ሴንሰሩ ላይ 5.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። አይ.ኤስ.ኦ. 100 ላይ ለግማሽ ጨረቃ የሰከንድ 1/125ኛ ወይም 1/250ኛ ጥሩ መነሻ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ነገር አለ። በብዙ ትንንሽ ኒውቶኒያን ቴሌስኮፖች ላይ ካሜራው ፎከስ አይገባም፤ ፎከሰሩን እስከ መጨረሻው ብታስገቡትም ብዥ እንዳለ ይቀራል። ብልሽት አይደለም። የምስሉ ትኩረት የሚያርፈው ከካሜራው ሴንሰር ፊት ስለሆነ ነው። መካከል ላይ ባርሎው ሌንስ ስታስገቡ ትኩረቱ ወደ ኋላ ይገፋና ችግሩ ይፈታል።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ፕላኔቶች

ጁፒተር ትልቅ ሆኖ በሚታይበት ጊዜ 45 አርክ ሰከንድ ገደማ ነው። ይህን በ650 ሚሊ ሜትር ብናሰላው ሴንሰሩ ላይ 0.14 ሚሊ ሜትር፣ ወይም 35 ፒክስል ብቻ ይሆናል። መጽሔት ላይ ያየነውን ጁፒተር ጠብቀን 35 ፒክስል ነጥብ ስናይ «ተበላሽቷል» ብንል አይገርምም። ባለ 3 እጥፍ ባርሎው ስንጨምር ከ100 ፒክስል በላይ ይደርሳል፤ ያኔ ሁለቱ ጥቁር ቀበቶዎች ይለያሉ።

የፕላኔት ምስጢር ግን ፎቶ አለማንሳት ነው። ቪዲዮ ነው የሚቀረጸው። አየሩ ሲርገበገብ ምስሉ በየቅጽበቱ ይዛባል፤ መሐል መሐል ላይ ግን ጥርት የሚልባቸው ቅጽበቶች አሉ። የ2 ደቂቃ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ 3,600 ፍሬም አለው። ኦቶስታከርት ወይም ሬጂስታክስ የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ከነዚህ ውስጥ የተሻሉትን መርጠው፣ አስተካክለው አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባሉ። ጁፒተር ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ራሷን ስለምትዞር ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በላይ አትቅረጹ፤ ቀበቶዎቹ ላይ ያሉት ዝርዝሮች ይፋለሳሉ።

ለምን ይደረባል? ስታቲስቲክስ የወሰደ ሰው ያውቀዋል። ምስሉ በፍሬሞቹ ብዛት ልክ ሲጨምር፣ ኖይዙ የሚጨምረው በብዛቱ ስኩዌር ሩት ነው። ስለዚህ 100 ፍሬም ሲደረብ የምስሉ ጥራት ከኖይዙ አንፃር 10 እጥፍ ይሻሻላል፤ 3,600ውን 10 በመቶ ብንወስድ (360 ፍሬም) ወደ 19 እጥፍ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ «ይሄ ምን ይሠራል?» ስንለው የነበረው ስኩዌር ሩት እዚህ ጋ በዓይን ይታያል።

በዚህ በኩል እኛ ዕድለኞች ነን። ፕላኔቶች የሚሄዱበት መንገድ ከሰማይ ወገብ ከ23.4 ዲግሪ ብዙ ስለማይርቅ፣ አዲስ አበባ ላይ (9 ዲግሪ ሰሜን) ማንኛውም ፕላኔት በሰማይ መሐል ሲያልፍ ቢያንስ 55 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ለንደን ላይ ጁፒተር ወደ ደቡብ በሚያዘነብልባቸው ዓመታት ከ15 ዲግሪ ብዙ አያልፍም፤ ብርሃኑ በወፍራም አየር ውስጥ እየተርገበገበ ነው የሚደርሳቸው። እኛ ግን ቀና ብለን እናየዋለን።

ሦስተኛው ደረጃ፦ መሬትን እየተከተሉ ማንሳት

ኔቡላና ጋላክሲ ለማንሳት ማውንቱ የመሬትን ዙረት በተቃራኒው መከተል አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው ኢኳቶሪያል ማውንት ነው። አንዱ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ ከተነጣጠረ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ብቻ ይበቃዋል።

መጻሕፍቱ «ዘንጉን ወደ ዋልታ ኮከብ (ፖላሪስ) አነጣጥሩ» ብለው ያልፉታል። የተጻፉት ፖላሪስ ከፍ ብሎ ለሚታያቸው አገሮች ነዋ! ፖላሪስ የሚታይበት ከፍታ ከቆምንበት ቦታ ላቲቲዩድ ጋር እኩል ነው። መቀሌ ላይ 13.5፣ ጎንደር ላይ 12.6፣ አዲስ አበባ ላይ 9፣ አርባ ምንጭ ላይ 6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በ9 ዲግሪ ከፍታ ብርሃኑ የሚያልፈው አየር ከአናት በላይ ካለው 6 እጥፍ ገደማ ነው፤ አቧራና ጭስ ሲጨመርበት ኮከቡ ይደክማል። በሰሜን በኩል ሕንፃ ወይም ተራራ ካለ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ሌላም ችግር አለ፤ ብዙ ማውንቶች ለሰሜን አገሮች የተሠሩ ስለሆኑ ዘንጋቸው እስከ 9 ዲግሪ ዝቅ አይልም፣ ወይም የሚዛኑ ክብደት ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል።

መፍትሔው ምንድነው? ዘንጉ ዝቅ ካላለ የትራይፖዱን የሰሜን እግር ማሳጠር፣ ወይም በደቡብ በኩል ካሉት ሁለት እግሮች ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ማስገባት ይቻላል (እንዳይገለበጥ ግን በደንብ ፈትሹ)። ሰሜንን በኮምፓስ ፈልጉ፤ በአገራችን በኮምፓስ ሰሜንና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ስለሆነ ለመነሻ ይበቃል። ከዚያ ፖላሪስን ሳታዩ በሌሎች ኮከቦች ማረም ትችላላችሁ፤

- በሰማይ ወገብ አካባቢ፣ ከአናት በላይ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ብሎ የሚገኝ ኮከብ መሐል ላይ አድርጉና ሞተሩን አስነሱ። ኮከቡ ወደ ደቡብ ካፈነገጠ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ በዝቷል፤ ወደ ሰሜን ካፈነገጠ ወደ ምዕራብ በዝቷል።

- በምሥራቅ በኩል ዝቅ ያለ ኮከብ ላይ ደግሞ ይህንኑ ድገሙ። ወደ ደቡብ ካፈነገጠ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፤ ወደ ሰሜን ከሆነ ከፍ ብሏል።

ሁለቱን እየተመላለሳችሁ ስታርሙ ማፈንገጡ እየቀነሰ ይሄዳል። መጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል። አሁን 20 ደቂቃ ይበቃኛል።

የሚነሳውስ? ከኦሪዮን ኔቡላ የተሻለ መጀመሪያ የለም። በተርታ ከተደረደሩት ሦስቱ ኮከቦች ሥር ነው የሚገኘው፤ በከተማ ሰማይም በፋይንደር ይታያል። በጥር መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከአናታችን በላይ ይሆናል። ጨረቃ የሌለችበትን ሰሞን ምረጡ። አይ.ኤስ.ኦ. 800 ወይም 1600 ላይ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ የሚፈጁ 60 ፎቶዎች አንሱ። ከዚያ የቴሌስኮፑን አፍ ከድናችሁ በተመሳሳይ ኤክስፖዠር 20 ጥቁር ፎቶዎች ጨምሩ፤ እነሱ የካሜራውን የራሱን ኖይዝ ለመቀነስ ያገለግላሉ። ዲፕ ስካይ ስታከር ወይም ሲሪል በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ሁሉንም ደርቡ። ነጠላው ፎቶ ላይ ግራጫ ጭጋግ የነበረው ነገር ቀይና ሐምራዊ ክንፍ ሲያወጣ ታያላችሁ። ያ ብርሃን ከተነሳ 1,340 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከመፈልፈላቸው ከ500 ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው።

ጥንቃቄ፦ ፀሐይ

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው። ቴሌስኮፕን ያለ ፊልተር ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይንን በቅጽበት ያሳውራል፤ ካሜራንም ያቃጥላል። ፊልተሩ የሚደረገው በአይፒሱ በኩል ሳይሆን በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ነው፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራም መሆን አለበት። ከአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጡት፣ አይፒስ ላይ የሚጠመዙት ትንንሽ የፀሐይ ፊልተሮች በሙቀት ሊሰነጠቁ ስለሚችሉ ጣሏቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በአካባቢው የቀለበት ቅርጽ የፀሐይ ግርዶሽ መታየቱን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በጭስ የጠቆረ መስታወትም ሆነ የራጅ ፊልም ለዓይን እንኳ መከላከያ አይደለም፤ ለቴሌስኮፕማ ጨርሶ አይታሰብም። ቀን ላይ ፋይንደር ስታስተካክሉም ፀሐይ ካለችበት በተቃራኒ በኩል ያለ ነገር ምረጡ፤ የፋይንደሩንም ክዳን አትርሱ።

ስለ ወቅቱና ስለ ቦታው

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ክረምት ለመማሪያ ይሁን፤ ፕሮግራሞቹን አውርዱ፣ በስቴላሪየም ሰማዩን አጥኑ። ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ስላለ ጋቢ ያስፈልጋል። እርጥበት መስታወቱ ላይ ካረፈ ግን በጋቢው እንዳትጠርጉት! መስታወቱ ይጫራል፤ ክፍት አድርጋችሁ በራሱ ይድረቅ።

የከተማ መብራት ጨረቃንና ፕላኔቶችን ብዙም አይጎዳም፤ ኔቡላን ግን ይውጣል። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ እነሱም ቢሆኑ ከሥራቸው የተዘረጋው የአዲስ አበባ መብራት ያስቸግራቸዋል። ለኛ አንድ መጽናኛ አለን። ሰፈር ሙሉ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሲያማርር፣ እናንተ የሞላ ባትሪ ካላችሁ ቴሌስኮፑን ይዛችሁ ውጡ። ሰኔ ሳይገባ፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ ደመና ከሌለ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀልን፣ በሰሜን በኩል ትልቁን ድብ በአንድ ምሽት ማየት ይቻላል። ይህን ዕድል አውሮፓ ያለ ሰው አያገኘውም።

ማጠቃለያ

ከላይ የዘረዘርኩት ሲነበብ ብዙ ይመስላል። ዋናው ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ በደረጃ እንሂድ። ጨረቃ ፎከስንና መንቀጥቀጥን ታስተምራለች፤ ፕላኔት መምረጥንና መደረብን ያስተምራል፤ ኔቡላ ደግሞ መሬት እንደምትዞር ያስተምራል፤ ያውም በሚገባ! አንዱን ደረጃ ዘለን ሌላው ላይ ስንወጣ ነው ጥፋቱን ዕቃው ላይ የምንለጥፈው።

በሦስተኛው ሙከራዬ፣ በ7ኛ ቀኗ ጨረቃ፣ በካርቶን ማሰሪያ፣ በሞባይል ያነሳሁትን ፎቶ አሳትሜ ለስቶር ኃላፊዋ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው አዩት። «ይሄ በዚያ በተበላሸው ነው?» አሉኝ። «አዎ፣ በዚያው ነው» አልኳቸው። ምንም ሳይሉ መዝገባቸውን አውጥተው ከቴሌስኮፑ ስም ፊት ለፊት «ይሠራል» ብለው ጻፉበት። ፎቶውን ደግሞ ስቶሩ በር ላይ ለጠፉት።

እንግዲህ ቴሌስኮፑ እዚያው አለ፤ ይሠራልም። ተረኛው ማነው?

ጥርት ያለ ሰማይ ይግጠማችሁ!